የጋማ ጨረር ዲቴክተርን በኮምፒውተር መቅረጽ፦ ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር አልገጥም ሲል

የዲቴክተር ሞዴል ሠርተው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልኬት ጋር ያነጻጸሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ሞዴሉ ከልኬቱ ከ10 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያ ቁጥር መነካካት ይጀመራል። የክሪስታሉ ዲያሜትር ትንሽ ይቀነሳል፣ የሞተው ሽፋን ትንሽ ይወፍራል፣ ርቀቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ይገፋል። አንዱ ሲገጥም ሌላው ይሸሻል። በመጨረሻ ሁሉም በግድ ይገጥማል፤ ምንጩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲነሳ ግን ሞዴሉ ይፈርሳል።

ጥፋቱ ኮዱ ውስጥ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ያለው ከኮዱ በፊት፣ ማለትም በልኬቱና በተሰበሰበው መረጃ ላይ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ ኮምፒውተሩ ሳይከፈት የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ዘልለው ወደ ደረጃ 3 ከሄዱ ተመልሰው ወደዚሁ መምጣትዎ አይቀርም።

መመሪያው የተዘጋጀው ፒ-ዓይነት ኮአክሲያል የጀርመኒየም ዲቴክተርና ነጥብ መሰል ምንጭ ላላቸው ነው። በሶዲየም አዮዳይድ ለሚሠሩ ልዩነቱን በየቦታው እጠቁማለሁ። የቅንጣቶችን ጉዞ በዘፈቀደ ቁጥር የሚያስመስለው ፕሮግራም ጂአንት4 ሆነ ኤምሲኤንፒ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የምንፈልገው የሙሉ ኃይል ጫፍ ቅልጥፍናን ነው፤ ይኸውም ከምንጩ ከወጡት የአንድ ኃይል ጋማዎች ውስጥ ኃይላቸውን በሙሉ ክሪስታሉ ውስጥ የጣሉት ድርሻ ነው። እነዚህ በስፔክትረሙ፣ ማለትም ቆጠራውን በኃይል ደርድሮ በሚያሳየው ግራፍ ላይ፣ እንደ ሹል ጫፍ ይታያሉ። ኃይልን በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት እገልጻለሁ፤ ባጭሩ ኪኤቮ።

ደረጃ 1፦ መረጃና ልኬት

1.1 የዲቴክተሩን መጠኖች ይሰብስቡ

የሚከተሉትን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦

- የክሪስታሉ ዲያሜትርና ርዝመት
- በመሃሉ ያለው ጉድጓድ ዲያሜትርና ጥልቀት
- የክሪስታሉ የፊት ጠርዝ የተጠጋጋ ወይም ስል መሆኑ
- የሞተው ሽፋን ውፍረት፣ የፊቱና የጎኑ ለየብቻ
- ከመስኮቱ (ጋማው ከሚገባበት የቆቡ ፊት) እስከ ክሪስታሉ ፊት ያለው ክፍተት
- የመስኮቱና የቆቡ ቁስና ውፍረት
- ክሪስታሉን የያዘው ጽዋ ቁስና ውፍረት

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሁለት ነገር ይጨምሩ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣና ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል። የአምራቹ ሥዕል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የታቀደውን መጠን ነው፤ እጅዎ ላይ ያለው ክሪስታል በትክክል ያን ያህል ነው ማለት አይደለም። በተለይ ሁለቱን በጥርጣሬ ይመልከቱ፤ የሞተውን ሽፋንና ከመስኮቱ በኋላ ያለውን ክፍተት።

የሞተው ሽፋን ማለት የክሪስታሉ ውጫዊ ቆዳ ነው። በፒ-ዓይነት ጀርመኒየም ላይ ሊቲየም ወደ ውስጥ ሰርጎ የሠራው ሲሆን፣ እዚያ የወደቀ ኃይል አይቆጠርም ማለት ይቻላል። አዲስ ሲሆን ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ዲቴክተሩ ሳይቀዘቅዝ ለረጅም ጊዜ በክፍል ሙቀት ከተቀመጠ ሊቲየሙ መስረጉን ይቀጥላልና ሽፋኑ ይወፍራል። ስለዚህ ዲቴክተሩ ያረጀ ከሆነ የሰነዱ ቁጥር መነሻ እንጂ መልስ አይደለም።

የሚቻል ከሆነ ዲቴክተሩን ራጅ ያስነሱት። የክሪስታሉ ማዘንበል፣ ከመሃል መውጣቱ፣ የክፍተቱ ስፋት በአንድ ፎቶ ይታያል። የሞተው ሽፋን ግን በራጅ አይታይም፤ እሱም ያው ጀርመኒየም ነውና።

1.2 ምንጮቹን ይምረጡ

ለመጀመሪያው ሥራ በአንድ ጊዜ አንድ ጋማ ብቻ የሚያወጡ ምንጮች ይበጃሉ፦

- አሜሪሲየም-241፦ 59.5 ኪኤቮ፣ በአንድ መበስበስ የመውጣት ዕድል 35.9 በመቶ
- ኮባልት-57፦ 122.1 ኪኤቮ፣ 85.5 በመቶ
- ሲዚየም-137፦ 661.7 ኪኤቮ፣ 85.1 በመቶ
- ማንጋኒዝ-54፦ 834.8 ኪኤቮ፣ 100 በመቶ ለማለት ጥቂት የቀረው

ኮባልት-60 (1173.2 እና 1332.5 ኪኤቮ) ለከፍተኛው ኃይል ያስፈልጋል። ሆኖም ሁለቱ ጋማዎች አከታትለው በአንድ ቅጽበት ስለሚወጡ ከርቀት ብቻ ይጠቀሙበት። ወደ ዲቴክተሩ ሲጠጋ ሁለቱም አብረው ይገቡና እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ የመደመር ችግር የምለው ይህን ነው። ሁለቱም ኃይላቸውን በሙሉ ከጣሉ 2506 ኪኤቮ ላይ አዲስ ጫፍ ይወጣል፤ የ1173 እና የ1332 ጫፎች ደግሞ ይጎድላሉ።

የሰርተፍኬቱን ቀን ይዩና አክቲቪቲውን (በሰከንድ የሚበሰብሱትን አቶሞች ብዛት) ወደ ልኬቱ ቀን ያሻግሩ። ኮባልት-57 ግማሽ ዕድሜው 272 ቀን ገደማ ስለሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ በታች ይቀራል። ኮባልት-60 በ5 ዓመት ወደ 52 በመቶ ይወርዳል። የሰርተፍኬቱ ስህተት በአንድ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይሁን በሁለት፣ ይህንንም ያንብቡ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አደባልቆ የማይገባውን ትክክለኛነት ለራሱ ይሰጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የታሸገ ምንጭም ቢሆን ጨረር ያወጣል። በመቆንጠጫ ይያዙ፣ ያልፈለጉትን ምንጭ ከክፍሉ ያውጡ፣ ጊዜዎን ያሳጥሩ። የሌላ ምንጭ እዚያው አጠገብ መቀመጥ ለጤናም ለልኬቱም ጉዳት ነው።

1.3 ንጹሕ ልኬት ይውሰዱ

1. ምንጩን በክሪስታሉ መሃል መስመር ላይ፣ ከመስኮቱ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያስቀምጡ። ከርቀት መጀመር የርቀትን ስህተትና የመደመርን ችግር በአንድ ጊዜ ያቀልላል።
2. ዲቴክተሩ የማይቆጥርበት ጊዜ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ያድርጉ። ካለፈ ምንጩን ያርቁት።
3. በስሌቱ ውስጥ የሚገባው ግድግዳ ሰዓት ላይ የሚያዩት ጊዜ ሳይሆን ዲቴክተሩ በእውነት የቆጠረበት ጊዜ ነው።
4. በጫፉ ውስጥ ቢያንስ 10,000 ንጹሕ ቁጥር እስኪገባ ይቁጠሩ። ያኔ የቆጠራው ስህተት 1 በመቶ ይሆናል።
5. ምንጩን አንስተው የአካባቢውን ጨረር ለብቻው ይለኩና ይቀንሱ። ሞዴሉ የአካባቢ ጨረር አያውቅም።
6. ያንኑ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይድገሙ። ይህ ሁለተኛ ልኬት ደረጃ 8 ላይ ያድንዎታል።

ቅልጥፍናው የሚገኘው የጫፉን ንጹሕ ቁጥር ለሦስት ነገሮች ብዜት በማካፈል ነው፤ እነሱም የዕለቱ አክቲቪቲ፣ የጋማው የመውጣት ዕድልና የተቆጠረበት ጊዜ ናቸው።

ርቀቱን ከየት እንደለኩ በሥዕል ያስቀምጡ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞዴሉን ስወቅስ የከረምኩት 3 ሚሊ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ወለል ምክንያት ነው። ምንጩ የተቀመጠው በመቆሚያው ወለል ላይ ነበር፤ ርቀቱን የለካሁት ደግሞ ከወለሉ ሥር። ምንጩ ከመስኮቱ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ያቺ 3 ሚሊ ሜትር ብቻዋን 9 በመቶ ያህል ልዩነት ታመጣለች። የምንጩ ነጥብ በፕላስቲክ ዲስኩ ላይኛው ፊት ይሁን መሃል፣ ያንንም ከሰርተፍኬቱ ያረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ በእጅ ይገምቱ

ከሞዴሉ በፊት በእጅ የተሠራ አንድ ቁጥር ይኑርዎት። ነጥብ ምንጭ ከሚያወጣው ውስጥ ወደ ክሪስታሉ ፊት የሚያመራው ድርሻ እንዲህ ይሰላል፦ ርቀቱን ለርቀቱ ካሬና ለራዲየሱ ካሬ ድምር ካሬ ሥር ያካፍሉ፤ ውጤቱን ከ1 ይቀንሱ፤ የቀረውን ለ2 ያካፍሉ።

ምሳሌ፦ የክሪስታሉ ዲያሜትር 60 ሚሊ ሜትር፣ ምንጩ ከመስኮቱ 250 ሚሊ ሜትር፣ ከመስኮቱ እስከ ክሪስታሉ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠቅላላ ርቀቱ 255 ነው። ውጤቱ 0.00343፣ ማለትም 0.34 በመቶ ገደማ ይሆናል።

አሁን 5 ሚሊ ሜትሯን ረስተው 250 ቢያስገቡ ውጤቱ በ4 በመቶ ገደማ ያድጋል። ምንጩ 50 ሚሊ ሜትር ላይ ቢሆን ግን ያው መርሳት 17 በመቶ ያህል ያሳስታል። ክፍተቱን በጥርጣሬ ይመልከቱ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሙሉ ኃይል ጫፍ ቅልጥፍና ከዚህ ድርሻ ሊበልጥ አይችልም። ከበለጠ ቆም ይበሉ፤ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

ደረጃ 3፦ ቅርጹን ይገንቡ

ከውጭ ወደ ውስጥ ይሂዱ፦ መጀመሪያ ሁሉን የሚይዘው ዓለም፣ ከዚያ ቆቡ፣ ከዚያ በቆቡ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ፣ ጽዋው፣ ሙሉው ክሪስታል፣ በመጨረሻ በክሪስታሉ ውስጥ የሚቆጥረው ክፍልና ጉድጓዱ።

1. ጀርመኒየምን በሁለት ቅርጽ ይክፈሉት። ውጫዊው የሞተው ሽፋን፣ ውስጣዊው የሚቆጥረው ነው። ቁሳቸው አንድ ነው፤ ቆጣሪው የሚታሰረው ግን ከውስጠኛው ጋር ብቻ ነው። ሁለቱንም ቆጣሪ ካደረጉ የሞተው ሽፋን እንደሌለ ነው።
2. ጥግግቶቹን ያረጋግጡ፦ ጀርመኒየም 5.323፣ ሶዲየም አዮዳይድ 3.67፣ አሉሚኒየም 2.70 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር።
3. የመለኪያ አሃድ ይጻፉ። ጂአንት4 ውስጥ ያለ አሃድ የተጻፈ ርዝመት እንደ ሚሊ ሜትር፣ ኃይል ደግሞ እንደ ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይወሰዳል። ኤምሲኤንፒ ርዝመትን በሴንቲ ሜትር ያነባል። እዚያ ጥግግት በግራም ሲሰጥ የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል፤ ምልክቱን ከረሱ ፕሮግራሙ ቁጥሩን የአቶም ጥግግት አድርጎ ይወስደውና ክሪስታሉ ሌላ ነገር ይሆናል።
4. ቱቦ ሲሠሩ ጂአንት4 የሚጠይቀው የርዝመቱን ግማሽ ነው። ሙሉውን ካስገቡ ክሪስታሉ እጥፍ ይረዝማል። በጀማሪ ሞዴሎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ይህ ነው።
5. የመደራረብ ምርመራውን ያብሩ። ሁለት ቅርጾች በትንሹም ቢሆን ከተደራረቡ ቅንጣቱ የት እንዳለ ፕሮግራሙ ይምታታበታል፤ ውጤቱም ያለ ምንም የስህተት መልእክት ሊበላሽ ይችላል።

ሶዲየም አዮዳይድ ከሆነ፦ በክሪስታሉና በአሉሚኒየም ቆቡ መካከል ያለውን ነጭ አንጸባራቂ ሽፋን (ማግኒዚየም ኦክሳይድ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ) አይርሱ፤ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ይታያል። ከኋላ ያለውን የብርሃን አባዢ ቱቦ በዝርዝር መሥራት አያስፈልግም፤ ቀለል ያለ የመስታወት ሲሊንደር ይበቃል። ጨርሶ መተው ግን የኋሊት ብትኑን፣ ማለትም ከአካባቢው ቁስ ተበትኖ ወደ ክሪስታሉ የሚመለሰውን ጨረር፣ ያሳንሰዋል።

ደረጃ 4፦ ቅርጹን በማይነካ ቅንጣት ይፈትሹ

ይህን ደረጃ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚፈጀው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጂአንት4 ውስጥ ጂአንቲኖ የሚባል ከምንም ጋር የማይገናኝ የመሞከሪያ ቅንጣት አለ። በክሪስታሉ መሃል መስመር አንድ ጂአንቲኖ ይልቀቁና ያለፈባቸውን ቁሶችና ርዝመቶች ያትሙ። ዝርዝሩን ከ1.1 ወረቀትዎ ጋር መስመር በመስመር ያነጻጽሩ። «አየር 250፣ አሉሚኒየም 1፣ ባዶ 5፣ ጀርመኒየም 0.7፣ ጀርመኒየም…» እያለ መሄድ አለበት። ቀጥሎ አንድ ሚሊዮን ጂአንቲኖ በሁሉም አቅጣጫ ይልቀቁና የክሪስታሉን ፊት የመቱትን ይቁጠሩ፤ ከደረጃ 2 ምሳሌ ጋር ከሆነ 3,430 አካባቢ ሊመጣ ይገባል። በኤምሲኤንፒ ያው ፍተሻ የሚሠራው ቁሶቹን ሁሉ ባዶ አድርጎ በማስኬድ ነው፤ የጠፋ ቅንጣት ካለ በቅርጹ ላይ ስንጥቅ አለ።

ቁጥሩ ካልገጠመ ወደ ፊት አይሂዱ። እዚህ ያልተያዘ የቅርጽ ስህተት በኋላ የፊዚክስ ችግር መስሎ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ምንጩንና ፊዚክሱን ያስገቡ

መጀመሪያ አንድ ኃይል ያለው ጋማ ብቻ ይልቀቁ፤ ለምሳሌ 661.7 ኪኤቮ። ሙሉ የመበስበስ ሂደቱን ማስገባት ለኋላ ይቆይ። ጋማውን ብቻ ሲለቁ የሚያገኙት ቅልጥፍና በቀጥታ ለአንድ ጋማ ነው፤ በመውጣት ዕድሉ እንደገና አያካፍሉት።

ምንጩ በሁሉም አቅጣጫ መልቀቁን ያረጋግጡ። ጊዜ ለመቆጠብ ወደ ዲቴክተሩ በሚያመራ ሾጣጣ ብቻ መልቀቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ሾጣጣው ክሪስታሉን በሙሉ መሸፈን አለበት፣ ውጤቱም ሾጣጣው ከጠቅላላው አቅጣጫ በያዘው ድርሻ መባዛት አለበት። ይህ ዘዴ ለጫፉ ልክ ነው። ከግድግዳና ከጠረጴዛ ተበትኖ የሚመለሰውን ግን ያስቀራል፤ ስለዚህ ሙሉውን ስፔክትረም ማነጻጸር ከፈለጉ አይጠቀሙበት።

በጂአንት4 ለዝቅተኛ ኃይል የተስተካከለውን የኤሌክትሮማግኔቲክ ፊዚክስ፣ ማለትም «አማራጭ 4» የሚባለውን ይምረጡ። የሁለተኛ ደረጃ ቅንጣቶች ማምረቻ ገደብ (ከዚህ ያነሰ ርቀት የሚጓዝ አዲስ ቅንጣት ለብቻው አይከታተልም) ሳይነካ ሲቀር 0.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ከሞተው ሽፋን ጋር የሚስተካከል ርዝመት ስለሆነ በክሪስታሉ አካባቢ ከቀጭኑ ንብርብር በታች ያውርዱት። የአቶም ፍሎረሰንስም (የተመቱ አቶሞች የራሳቸውን ኤክስሬይ ማውጣታቸው) መብራቱን ይመልከቱ። በሶዲየም አዮዳይድ ላይ ከ59.5 ኪኤቮ ጫፍ በታች፣ 30 ኪኤቮ አካባቢ የሚታየው ትንሽ ጫፍ የአዮዲን ኤክስሬይ ሲያመልጥ የሚፈጠር ነው፤ በሞዴሉ ላይ ካልታየ ፍሎረሰንሱ ጠፍቷል ማለት ነው።

በኤምሲኤንፒ ፎቶን ብቻ ማስኬድ ይፈጥናል፤ ኤሌክትሮን ከክሪስታሉ ሲያመልጥ ግን አያይም። ለመጨረሻው ውጤት ፎቶንና ኤሌክትሮንን አብረው ያስኪዱ።

ደረጃ 6፦ ቆጠራውን ያስተካክሉ፣ አጭር ሙከራ ያድርጉ

ኃይሉ የሚደመረው በአንድ ክስተት ነው፤ በአንድ እርምጃ አይደለም። አንድ ጋማ ክሪስታሉ ውስጥ ሦስት ቦታ ቢጋጭ ሦስቱ ተደምረው አንድ ቁጥር ሆነው ወደ ስፔክትረሙ ይገባሉ። እያንዳንዱን እርምጃ ለብቻው ካስገቡ የሙሉ ኃይል ጫፉ ይጠፋል፤ በምትኩ ግራ በኩል የተከመረ ጉብታ ያያሉ። በኤምሲኤንፒ ለዚህ የተሠራው ኤፍ8 የተባለው ቆጣሪ ነው።

አሁን 100,000 ጋማ በ661.7 ኪኤቮ ለብቻው በቆመ ክሪስታል ላይ ይልቀቁና ሦስት ነገር ይመልከቱ፦

1. ከ661.7 በላይ ምንም ቁጥር የለም። ካለ ድምሩ በክስተቶች መካከል ወደ ዜሮ አይመለስም ማለት ነው።
2. የኮምፕተን ጠርዙ፣ ማለትም ጋማው አንድ ጊዜ ተበትኖ ሲያመልጥ ሊጥል የሚችለው ከፍተኛ ኃይል፣ 477 ኪኤቮ ላይ ነው።
3. በጠርዙና በጫፉ መካከል ያለው ሸለቆ ዝቅተኛ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። እዚያ የሚገቡት ደጋግመው ተበትነው ያመለጡት ናቸው።

ቀጥሎ ቆቡንና አካባቢውን ይመልሱ። አሁን 184 ኪኤቮ አካባቢ የኋሊት ብትን ጉብታ መታየት ይጀምራል። ካልታየ የመለሱት ነገር ወደ ሞዴሉ አልገባም።

ደረጃ 7፦ ረጅሙን ስሌት ያስኪዱ

ቅልጥፍናው 0.0005 ከሆነ በጫፉ ውስጥ 10,000 ለማግኘት 20 ሚሊዮን ጋማ ያስፈልጋል። ሥራውን ለብዙ ኮሮች ወይም ኮምፒውተሮች ሲከፍሉ ለእያንዳንዱ የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ ይስጡ። አንድ መነሻ የተሰጣቸው አሥር ሥራዎች አንዱን ውጤት አሥር ጊዜ ይቀዳሉ። ሲደመሩ የቆጠራው ስህተት የቀነሰ ይመስላል፤ ግን ምንም አልቀነሰም። አሥሩ ፋይሎች እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ዓይነት መሆናቸውን በዓይን ማየት ይበቃል።

ጫፉን እንደ እውነተኛው ለማስፋት ለእያንዳንዱ ክስተት ኃይል የጋውስ ዘፈቀደ ይጨምሩ። ስፋቱ የሚመጣው ከራስዎ ልኬት ነው፤ በጫፉ ቁመት ግማሽ ላይ የተለካውን ስፋት ለ2.355 ያካፍሉ። ቅልጥፍናን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ግድ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ያነጻጽሩ፣ ከዚያ በቅደም ተከተል ያስተካክሉ

የሞዴሉንና የልኬቱን ልዩነት ለሁለቱ ጥምር ስህተት ያካፍሉ። ከ2 በታች ከሆነ ተስማምተዋል፤ መነካካት ያቁሙ። ከዚያ በላይ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ።

ሀ. ክፍተቱ። በ5 እና በ25 ሴንቲ ሜትር የተለካውን የሲዚየም-137 ቅልጥፍና አንዱን ለሌላው ያካፍሉ። አክቲቪቲው ይሰረዛል፤ የሞተው ሽፋን ተጽዕኖም በዚህ ኃይል ከቁጥር አይገባም። የሚቀረው ርቀት ነው። የሞዴሉ ንጽጽር ከልኬቱ ጋር እስኪገጥም ከመስኮቱ በኋላ ያለውን ክፍተት ብቻ ይለውጡ።

ለ. የፊቱ የሞተ ሽፋን። አሁን ዝቅተኛውን ኃይል ይውሰዱ። ሽፋኑ ከ0.7 ወደ 1.0 ሚሊ ሜትር ቢወፍር የ59.5 ኪኤቮ ቅልጥፍና በ28 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ የ661.7 ግን በ1 በመቶ ገደማ ብቻ። አሜሪሲየም የሽፋኑ ሚዛን የሆነው ለዚህ ነው። የምንጩን አክቲቪቲ ካላመኑ ባሪየም-133ን ከርቀት ይጠቀሙ፤ የ81 ኪኤቮ ጫፍ ለ356 ኪኤቮ ጫፍ ሲካፈል አክቲቪቲው ይሰረዛል፣ ያቺው 0.3 ሚሊ ሜትር ደግሞ በ81 ላይ 14 በመቶ ያህል ትታያለች።

ሐ. የጎኑ ሽፋንና ራዲየሱ። አሜሪሲየምን ከዲቴክተሩ ጎን አስቀምጠው ይለኩ። የጎኑ ቆብና ጽዋ ከፊቱ የተለየ ውፍረት እንዳላቸው አይዘንጉ።

መ. ርዝመቱና ጉድጓዱ። በመጨረሻ ኮባልት-60ን ከ25 ሴንቲ ሜትር ይውሰዱ። ዝቅተኛው ገጥሞ ከፍተኛው ብቻ ከፍ ካለ የሚቆጥረው ክፍል ከእውነተኛው በልጧል፤ ጉድጓዱን ወይም በዙሪያው ያለውን የማይቆጥር ክፍል ይመርምሩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ምንጭና አንድ ርቀት ለይተው ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ለምሳሌ ማንጋኒዝ-54ን በ15 ሴንቲ ሜትር። በማስተካከያው ውስጥ አይግባ። ሁሉም ሲያልቅ ሞዴሉ እሱን በትክክል ከተነበየ ሥራው ተሳክቷል። ሁሉንም መረጃ ለማስተካከል ከተጠቀሙ ሞዴሉን የሚፈትን ነገር አይቀርዎትም።

ማስጠንቀቂያ፦ የሞተው ሽፋን የሁሉ ስህተት መጣያ አይደለም። ለመግጠም 3 ሚሊ ሜትር ከጠየቀ ሽፋኑ 3 ሚሊ ሜትር ነው ብለው አይደምድሙ። በመስኮቱ፣ በምንጩ ሽፋን ወይም በርቀቱ ላይ ያልታየ ነገር አለና ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ሁሉም ጫፎች በእኩል መቶኛ ከፍ ወይም ዝቅ ብለዋል
የዲቴክተሩን ውስጥ አይንኩ። የአክቲቪቲውን ቀን፣ የተቆጠረበትን ጊዜ፣ የሾጣጣውን ድርሻና የመውጣት ዕድሉ ሁለቴ መግባት አለመግባቱን ይዩ። ዝቅታው በሁሉም ምንጮች ሳይሆን በአንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ የዚያ ምንጭ ሰርተፍኬት ነው።

በቅርብ ርቀት ብቻ አይገጥምም
ሲዚየምም ካልገጠመ ርቀቱ ነው። ሲዚየም ገጥሞ ኮባልት-60 ወይም ዩሮፒየም-152 ካልገጠመ የመደመር ችግር ነው፤ ልኬቱ ጎድሏል እንጂ ሞዴሉ አልተሳሳተም። ኤምሲኤንፒ በተለመደው አሠራሩ በአንድ ታሪክ (በአንድ የተመሰለ ክስተት) አንድ የምንጭ ቅንጣት ስለሚለቅ ይህን መደመር አያሳይም። በጂአንት4 ሙሉውን የመበስበስ ሂደት በማስገባት ይታያል።

ሙሉ መበስበስ ሲገባ ጫፉ ተበላሸ
ሲዚየም-137 በቀጥታ ጋማ አያወጣም። ወደ ባሪየም-137ኤም ይበሰብሳል፤ ጋማውን የሚያወጣው ይህ ሲሆን ግማሽ ዕድሜው 2.55 ደቂቃ ነው። በአንድ ክስተት ውስጥ የተፈጠረውን ሁሉ ያለ ጊዜ ልዩነት ከደመሩ የቤታው ኃይል ከጋማው ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ክስተቱን በጊዜ ይክፈሉት፤ ከጥቂት ማይክሮ ሰከንድ በላይ የተራራቁትን እንደ ሁለት ምልክት ይቁጠሩ።

ስሌቱ አለቀ፣ ምንም አልተመዘገበም
ቆጣሪው ከትክክለኛው ቅርጽ ጋር መታሰሩን ይዩ። መበስበስ ካስገቡና ጂአንት4ዎ ከአዳዲሶቹ እትሞች ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ እጅግ ዘግይቶ የሚመጣ መበስበስን የሚያስቀር የጊዜ ገደብ ስላለው ሲዚየምን የመሰለ ረጅም ዕድሜ ያለው ኑክሊድ ሳይበሰብስ ይቀራል። ገደቡን ወደ ትልቅ ቁጥር ይቀይሩ።

ጫፉ ገጥሟል፣ ከጫፉ ግራ ያለው አልገጠመም
የጎደለው አካባቢው ነው፤ ጠረጴዛው፣ መቆሚያው፣ የእርሳስ መከለያው። በልኬቱ ላይ ከ73 እስከ 85 ኪኤቮ አካባቢ ሞዴሉ ላይ የሌሉ ትናንሽ ጫፎች ካሉ የእርሳሱ ኤክስሬይ ናቸው፤ መከለያውን ከነመዳብ ልባሱ ወደ ሞዴሉ ያስገቡ። ቅልጥፍናውን ብቻ ከፈለጉ ግን ይህን ልዩነት መተው ይችላሉ።